የአጋም፣ የዶቅማና የቀጋ ጭማቂ ስንሠራ ጠቃሚው ነገር እንዳይጠፋ ምን እናድርግ? የዛፍ ቅርፊትስ ቢጨመርበት?

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ላይ በማኅበር ተደራጅተን የጫካ ፍራፍሬ ጭማቂ ልንጀምር ነው። ዶቅማና አጋም ከወንዶ ገነት በኩል፣ ቀጋና ኮሽም ደግሞ ከደጋው፣ ከሀገረ ሰላም አካባቢ ይመጣልናል። ያለን ዕቃ ሁለት ትልልቅ የአሉሚኒየም ድስት፣ አንድ ብሌንደር፣ የጋዝ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ዲጂታል ሚዛን ነው። ጠርሙስ ገና አልገዛንም፤ ሃይላንድ አጥበን ብንጠቀም ወጪ ይቀንሳል የሚል ሐሳብ ቀርቧል።

ጥያቄያችን ሦስት ነው። ጭማቂው ከፈላ ቫይታሚኑና ቀለሙ ይጠፋል ይባላል፤ ካልፈላ ደግሞ በጥቂት ቀን ይኮመጥጣል። በስንት ሙቀት፣ ለስንት ደቂቃ እናሙቀው? ሁለተኛ፣ ከአባሎቻችን አንዷ የጥቁር እንጨትና የዶቅማ ቅርፊት ደርቆ ተፈጭቶ በሊትር አንድ ማንኪያ ቢጨመርበት «ለፕሮስቴትና ለስኳር» ብለን በተሻለ ዋጋ እንሸጠዋለን ትላለች። ቅርፊቱን በውሃ ማፍላት ይበቃል ወይስ በአልኮል መዘፍዘፍ አለበት? ሦስተኛ፣ መለያው ላይ «አንቲኦክሲደንት የበዛበት» ብሎ መጻፍ ይቻላል?

ቤተ ሙከራ

ከቅርፊቱ ልጀምር፤ ምክንያቱም በፍሬው ላይ ብትሳሳቱ የሚበላሸው ጭማቂው ነው፣ በቅርፊቱ ላይ ብትሳሳቱ ግን የሚጎዳው ሰው ነው።

ዛፍ ፍሬውን የሚያጣፍጠው ወፍና እንስሳ በልቶ ዘሩን እንዲበትንለት ነው። ቅርፊቱን የሚሠራው ደግሞ ነፍሳት፣ ፈንገስና ከብት እንዳይደፍሩት ስለሆነ የሚያመርና የሚመርዝ ነገር እዚያ ያከማቻል። «ፍሬው ከተበላ ቅርፊቱም አይጎዳም» የሚለው ግምት ለዚህ ነው የማይሠራው። ዶቅማ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፍሬውን ልጆች እየለቀሙ ይበሉታል፤ ቅርፊቱ ግን መርዛማ እንደሆነና የሰው ሕይወት ማጥፋቱ በዛፎች የመረጃ ማውጫዎች ላይ ሰፍሯል። የባህል ሐኪም ለአንድ በሽተኛ በትንሹ መስጠቱ፣ ዕድሜውንና በሽታውን ለማታውቁት ገዢ በጠርሙስ ለመሸጥ ዋስትና አይሆንም። የዶቅማን ቅርፊት ሙሉ በሙሉ ተዉት።

የጥቁር እንጨት፣ ማለትም የፕሩነስ አፍሪካና፣ ቅርፊት ነገር ሰፋ ያለ ነው። ከእርሱ የሚሠራው መድኃኒት ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ለፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ ሲሸጥ ቆይቷል። ይሠራሉ የሚባሉት ውህዶች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ቤታ ሲቶስቴሮልን የመሳሰሉ ስቴሮሎች፣ ኡርሶሊክና ኦሊያኖሊክ አሲድን የመሳሰሉ ትራይተርፒኖች፣ እንዲሁም የፌሩሊክ አሲድ ኤስተሮች። ሦስቱም ዘይት ወዳድ ናቸው፤ በውሃ አይሟሙም። ፋብሪካው ቅርፊቱን እንደ ክሎሮፎርም ባለ ሟሚ ካወጣው በኋላ ሟሚውን ያተንነውና የቀረውን የስቴሮል መጠን ለክቶ ካፕሱል ውስጥ ይጨምረዋል። እናንተ በውሃ ስታፈሉት እነዚህ ውህዶች በአብዛኛው ቅርፊቱ ውስጥ ይቀራሉ። ወደ ውሃው የሚወጣው ታኒን (አፍ የሚጨብጥ ውህድ)፣ ቀለምና አሚግዳሊን ነው። አሚግዳሊን ሲቀጠቀጥና ሲርስ ተሰባብሮ ሳያናይድ የሚለቅ ውህድ ነው፤ የኮክ ፍሬ ድንጋዩ ተሰብሮ ውስጡ ሲታሽ የሚሸተው ሽታ ከዚያው ሂደት የሚወጣ ነው፣ የጥቁር እንጨት ቅርፊትም ሲወቀጥ ይህንኑ ይሸታል። በውሃ መቀቀል የሚፈለገውን አስቀርቶ የማይፈለገውን ያወጣል ማለት ነው።

መጠኑንም እንየው። ከአንድ ቶን ደረቅ ቅርፊት የሚገኘው የተጣራ ምርት 5 ኪሎ ያህል ነው፤ ለአንድ ቶን ደረቅ ደግሞ ሁለት ቶን እርጥብ ቅርፊት ያስፈልጋል። ስለዚህ 1 ኪሎ ደረቅ ቅርፊት 5 ግራም ይሰጣል። የተለመደው የቀን መጠን 100 ሚሊ ግራም ስለሆነ ለአንድ ሰው በቀን 20 ግራም ደረቅ ቅርፊት ይጠይቃል። እናንተ ያሰባችሁት ማንኪያ 3 ግራም ቢይዝና ሁሉም ነገር ተሟጦ ቢወጣ እንኳ በሊትሩ ውስጥ የሚኖረው 15 ሚሊ ግራም ነው። ገዢው ለፕሮስቴቱ ምንም ሳያገኝ የአሚግዳሊን ድርሻውን ይጠጣል።

አልኮልን በተመለከተ፣ 70 በመቶ ኤታኖል ከንጹህ ውሃም ከንጹህ አልኮልም የበለጠ ፖሊፊኖል (ታኒንና አንቶሲያኒን የተባለው የፍሬ ቀለም ያሉበት የውህዶች ቤተሰብ) ስለሚያወጣ ላብራቶሪ ውስጥ 1 ክፍል ዱቄት በ10 ክፍል ሟሚ፣ ጨለማ ቦታ፣ ለ48 ሰዓት እየተነቀነቀ ይዘፈዘፋል። ይህ ለምርመራ የሚሆን ናሙና ማዘጋጃ ነው፤ የመጠጥ አሠራር አይደለም። በተለይ በየሱቁ የሚሸጠውን የማቀጣጠያ ስፒሪት እንዳትነኩት፤ ሜታኖል ሊኖርበት ይችላል፣ ሜታኖል ደግሞ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ካቲካላም አይሆንም፤ የአልኮል መጠኑ ከአውጪ አውጪ ይለያያል፣ በውስጡ ያለውንም አታውቁትም።

ጭማቂ ክፍል

ከላይ ያለውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። እኔ ወደ ፍሬው ልግባ፤ እዚህ ሊሠራ የሚገባው ብዙ ነገር አለ።

በመጀመሪያ የያዛችኋቸውን ፍሬዎች ለዩ። የአጋምና የዶቅማ ሀብት ጥቁር ሐምራዊ ቀለማቸው፣ አንቶሲያኒን የሚባለው ነው። የቀጋ ሀብት ቫይታሚን ሲ ነው። ኮሽም ደግሞ ጎምዛዛ ስለሆነ አሲድ ያመጣላችኋል። ሁሉንም በአንድ ድስት አትቀላቅሉ። ቫይታሚን ሲና አንቶሲያኒን አየር ባለበት አብረው ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን መበላሸት ያፋጥናል፤ ቀለሙ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ ቫይታሚኑም ይቀንሳል። ቀጋን ለብቻው፣ ጥቁሮቹን ለብቻቸው ሥሩ።

የአሉሚኒየም ድስታችሁን ለጭማቂ አትጠቀሙበት። አሲዱ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፣ የሟሟው አሉሚኒየም ከአንቶሲያኒን ጋር ተያይዞ ጭማቂውን ያጠቁረዋል ወይም ሰማያዊ ያደርገዋል። ብረትና መዳብ ደግሞ ቫይታሚን ሲን በአየር እንዲቃጠል የሚያፋጥኑ ናቸው፤ አንድ የመዳብ ማንኪያ ይበቃል። ስቴይንለስ ድስት፣ ስቴይንለስ ወንፊት፣ የእንጨት ወይም የስቴይንለስ ማማሰያ ያዙ። ገንዘባችሁ የሚበቃው ለአንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ ከሌላው ሁሉ በፊት ስቴይንለስ ድስቱን ግዙ።

ብሌንደሩንም ለዶቅማ አትጠቀሙበት። ስለቱ ዘሩን ሲሰብረው የዘሩ ታኒን ይወጣና ጭማቂው አፍ የሚጨብጥ፣ ምላስ የሚያደርቅ ይሆናል፤ በዚያ ላይ አየር ይደበድብበታል። በእጅ ወይም በእንጨት ጨፍልቃችሁ በወንፊት አሳልፉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፍሬው በመጣበት ቀን ይለቀም፤ የተሰነጠቀ፣ የሻገተ፣ ያልበሰለ ይውጣ። ያልበሰለ አጋም ነጭ ወተት አለው፣ ጭማቂውን ያጣብቀዋል ያመረዋልም። በንጹህ ውሃ ይታጠብና 5 በመቶ በረኪና በሊትር 2 ሚሊ በተጨመረበት ውሃ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ይቆይ፤ ወዲያው በንጹህ ውሃ ይለቅለቅ፣ ክሎሪን ቫይታሚን ሲን ያጠፋልና። ከዚያ በ1 ኪሎ ፍሬ ሩብ ሊትር ውሃ ጨምሩና ሽፋኑን ከድናችሁ ቶሎ ወደ 85 ዲግሪ አድርሱት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በዝግታ፣ በለሆሳስ ይሙቅ» ይላል፤ ጉዳቱ ግን ከዚያ ይመጣል። ፍሬው ሲጨፈለቅ ቀለምና ቫይታሚን የሚበሉ ኢንዛይሞች ይለቀቃሉ፤ ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት በደንብ ይሠራሉ፣ ከ80 በላይ ግን ይሞታሉ። ቶሎ አሙቃችሁ ቶሎ ካቀዘቀዛችሁ የሚጠፋው ጥቂት ነው፤ ለግማሽ ሰዓት ለብ ብሎ ከቆየ የሚጠፋው ብዙ ነው።

85 ሲደርስ ለሦስት ደቂቃ ያዙትና በወንፊት፣ ቀጥሎ በተቀቀለ ሁለት እጥፍ ሻሽ አጥልሉት። አሁን ፒኤቹን፣ ማለትም አሲድነቱን ለኩ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ የበረታ ነው። ወረቀቱ በጥቁር ጭማቂ ላይ ስለሚቀለም አያሳይም፤ ርካሽም ቢሆን ዲጂታል መለኪያ ግዙ። ከ3.5 በታች እንዲሆን ፈልጉ። በዚህ መጠን አንቶሲያኒን ደማቅ ቀይ ሆኖ ይጸናል፤ ፒኤቹ ከፍ ሲል እየደበዘዘ ወደ ሐምራዊና ሰማያዊ ይዞራል። ሁለተኛው ምክንያት ደኅንነት ነው። ከ4.6 በላይ በሆነ ጭማቂ ታሽጎ የሚቀመጥ ጠርሙስ ውስጥ የቦቱሊዝም (ገዳይ የምግብ መመረዝ) ጀርም ሊያድግ ይችላል፤ የጀርሙን ዘር (ስፖር) የሚገድለው ከ100 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ነው፣ ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ እናንተን የሚጠብቃችሁ አሲዱ ነው። ፒኤቹ ከፍ ካለ የኮሽም ጭማቂ ጨምሩ፤ ከ10 ክፍል 1 ክፍል ጀምራችሁ እየለካችሁ ሂዱ። ኮሽም ካለቀ ሎሚ።

ከዚያ እንደገና 85 ዲግሪ አድርሳችሁ 5 ደቂቃ ያዙት፤ በሙቀቱ፣ ቀድሞ በሞቀ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ሙሉት። ከአፉ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ባዶ ይቅር። ከድናችሁ ለሦስት ደቂቃ ገልብጡት፤ ትኩሱ ጭማቂ ክዳኑን ያጸዳዋል። ቀጥሎ ለብ ባለ ውሃ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙት። በአንዴ ቀዝቃዛ ውስጥ ከገባ ጠርሙሱ ይሰነጠቃል፤ በራሱ ይቀዝቅዝ ብላችሁ ከተዋችሁት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እየሞቀ ቀለሙን ይበላዋል። ሃይላንዱን እርሱት። በ85 ዲግሪ ይጨማደዳል፣ በደንብ አይታሸግም፣ አየርም ያስገባል። ጠርሙሱ ቡናማ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልተገኘ ነጩን በካርቶን ውስጥ፣ ከብርሃን ርቆ አስቀምጡ። ትልቅ ጠርሙስ አንዴ ከተከፈተ ስለሚበላሽ 250 ወይም 300 ሚሊ ይሻላል።

ለማቅጠኛ የምትጠቀሙበትን ውሃም ጠይቁ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ነው። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑን ያከብደዋል። የተመረመረ ውሃ ካልሆነ በስተቀር የጉድጓድ ውሃ አትጨምሩ።

ሲበላሽ ምክንያቱን ከመልኩ መለየት ትችላላችሁ። ክዳኑ ካበጠና ሲከፈት ከፈነዳ እርሾ ገብቷል፤ ሲሞላ ከ80 በታች ቀዝቅዞ ነበር ወይም ክዳኑ አልጸዳም። ላዩ ላይ ሻጋታ ክብ ከሠራ ባዶው ቦታ በዝቷል ወይም አልተገለበጠም። ሽታው ሳይለወጥ ቀለሙ ብቻ ወደ ቡኒ ከሄደ ብርሃን፣ አየር ወይም ሞቃት መጋዘን ነው። ሥሩ ዝቃጭ ከያዘ ታኒኑ ከፍሬው ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ነው፤ ጉዳት የለውም። ጭማቂውን ከማሸጋችሁ በፊት አንድ ሌሊት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስተኝታችሁ ላዩን ብትቀዱት ይጠራል። ጄላቲን ጨምረው የሚያጠሩ አሉ፤ የእንስሳ ውጤት ስለሆነ ለጾመኛም፣ ሐላል ለሚጠይቅ ደንበኛም ችግር ያመጣባችኋል፣ አያስፈልጋችሁምም።

ስኳር ላይ አንድ ነገር ልበል። በ1 ሊትር ጭማቂ 1.2 ኪሎ ስኳር ከጨመራችሁ ሽሮፕ ይሆንና ያለ ብዙ ጥንቃቄ ይቆያል፤ ግን ከግማሽ በላይ ስኳር የሆነን ነገር ለጤና ብሎ መሸጥ አግባብ አይደለም። ከላይ ባለው አሠራር ጭማቂውን የሚያቆየው ሙቀቱና አሲዱ ስለሆነ ስኳሩን ለጣዕም ያህል፣ በሊትር ከ50 እስከ 80 ግራም ብቻ ማድረግ ትችላላችሁ።

ቀጋን ጭማቂ ከማድረግ ማድረቅ ይቀላል። ለሁለት ሰንጥቃችሁ ዘሩንና ውስጡ ያለውን ጠጉር በደንብ አውጡ፤ ጠጉሩ ጉሮሮና አንጀት ይቆጠቁጣል። ፀሐይ ላይ ሳይሆን በጥላ፣ አየር በሚያልፍበት ወንፊት ላይ ወይም ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ማድረቂያ፣ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር። ለገዢው የምትነግሩት አፈላል እንዲህ ይሁን፤ 5 ግራም በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ተከድኖ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በጨርቅ ተጠልሎ። ጀበና ላይ ተጥዶ መንተክተክ የለበትም።

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቅርፊቱን ትተናል፤ ድስቱንም እንቀይራለን። አንድ ነገር ልጨምር፤ ቫይታሚን ሲው መቅረቱን በምን እናውቃለን? በየዙሩ ናሙና ወደ ላብራቶሪ ለመላክ አቅም የለንም።

ቤተ ሙከራ

በአዮዲን ትለኩታላችሁ። ከፋርማሲ 10 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን፣ 500 ሚሊ ግራም የቫይታሚን ሲ ታብሌትና ባለ 10 ሚሊ ሲሪንጅ ግዙ።

አዮዲኑን 1 ክፍል በ4 ክፍል ውሃ አቅጥኑት። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስታርች በ100 ሚሊ የፈላ ውሃ በጥብጣችሁ አቀዝቅዙ። ታብሌቱን ወቅጣችሁ ተፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ ሟሙት፤ 1 ሚሊው 1 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል። ከዚህ 10 ሚሊ በነጭ ስኒ አድርጋችሁ 50 ሚሊ ውሃና 1 ሚሊ የስታርቹን ውሃ ጨምሩ፤ አዮዲኑን በሲሪንጅ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉ። ቫይታሚን ሲ እስካለ ድረስ አዮዲኑ ቀለሙ ይጠፋል፤ ሲያልቅ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊው ለ10 ሰከንድ ሳይጠፋ ሲቆይ ስንት ሚሊ እንደፈጀ ጻፉ። ወደ 7 ሚሊ ገደማ መሆን አለበት፤ በጣም ከራቀ ወይ አዮዲኑ አሮጌ ነው ወይ አቀጣጠኑ ተሳስቷል።

ቀጥሎ በ10 ሚሊ የተጠለለ ጭማቂ ያንኑ ድገሙ። ታብሌቱ 7.2 ሚሊ ፈጅቶ ጭማቂው 3.6 ከፈጀ በ10 ሚሊ ውስጥ 5 ሚሊ ግራም፣ በ100 ሚሊ ውስጥ 50 ሚሊ ግራም አለ ማለት ነው፤ ይህ ከብርቱካን ጋር የሚቀራረብ ነው። ከማሞቃችሁ በፊት፣ ካሞቃችሁ በኋላና ከአንድ ወር መጋዘን በኋላ ብትለኩ የት እንደሚጠፋባችሁ በግልጽ ታያላችሁ። የታብሌቱ ውሃ በዚያው ቀን ይደፋ፤ ካደረ ራሱ ቫይታሚኑን ያጣል።

የአጋምና የዶቅማ ቀለም ሰማያዊውን ስለሚሸፍን 5 ሚሊ ብቻ ወስዳችሁ በ150 ሚሊ ውሃ አቅጥኑት። ታኒንም ቀስ እያለ አዮዲን ስለሚበላ በጥቁሮቹ ላይ የምታገኙት ቁጥር ከእውነቱ ከፍ ይላል። ለቀጋና ለኮሽም ግን ለሥራችሁ የሚበቃ ልኬት ነው።

«አንቲኦክሲደንት የበዛበት» ስለሚለው፣ ይህ አባባል ብዙ ጊዜ ላብራቶሪ ውስጥ ዲፒፒኤች ከሚባል ሐምራዊ ውህድ ጋር ናሙናው ተቀላቅሎ ቀለሙ በ517 ናኖ ሜትር ምን ያህል እንደቀነሰ ከሚለካ ፈተና የመጣ ነው። ፈተናው ፍሬን ከፍሬ፣ አሠራርን ከአሠራር ለማወዳደር ይጠቅማል። ጠጪው ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን አይናገርም፤ አብዛኛው አንቶሲያኒን አንጀት ውስጥ ተለውጦ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂቱ ነው። ጠቅላላ ፖሊፊኖል የሚለካው የፎሊን ፈተናም ቫይታሚን ሲንና አንዳንድ ስኳሮችን አብሮ ይቆጥራል። በመለያው ላይ የለካችሁትን ጻፉ፤ «በ100 ሚሊ ይህን ያህል ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ»።

ፋርማሲ ጥግ

መለያው ላይ የበሽታ ስም እንዳይገባ። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብና መድኃኒት በየራሳቸው መንገድ ነው የሚታዩት፤ «ስኳር ያወርዳል» ያለ ጠርሙስ በጭማቂ ፈቃድ አይሸጥም። ከሕጉም በላይ የሚያሳስበኝ ጠጪው ነው። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው «የሚያወርድ» ነገር አገኘሁ ብሎ መድኃኒቱን ቢያቆም ስኳሩ ይወጣል። በእውነት የሚያወርድ ነገር ቢኖርበት ደግሞ ከመድኃኒቱ ጋር ተደምሮ ከልክ በላይ ሊያወርደው ይችላል። ሁለቱም አደጋ ነው።

ፕሮስቴትን በተመለከተ፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ተቋም 18 ጥናቶችን አሰባስቦ ባደረገው ግምገማ የተዘጋጀው የጥቁር እንጨት ምርት የሌሊት ሽንትን በ19 በመቶ፣ ፊኛ ውስጥ የሚቀረውን ሽንት በ24 በመቶ ቀንሷል። መጠነኛ ጥቅም ነው፤ ጥናቶቹም አጫጭር ናቸው፣ የተገኘውም በካፕሱሉ እንጂ በተቀቀለ ቅርፊት አይደለም። የሽንት መቆራረጥ ከዕጢ ማበጥም ከካንሰርም ሊመጣ ስለሚችል ደንበኛ ቢጠይቃችሁ ወደ ምርመራ ላኩት። ሽንቱ ጨርሶ የታገደበት ወይም ደም ያየ ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

ያለ ጥርጥር ልትናገሩት የምትችሉት፣ ለብዙ ቤተሰብም የሚጠቅም ነገር አለ። ጤፍ፣ ሽሮና ምስር ውስጥ ያለው ብረት በደንብ የማይመጠጥ ዓይነት ነው፤ ቫይታሚን ሲ ከምግቡ ጋር አብሮ ሲወሰድ መመጠጡን ይጨምረዋል። ታኒን ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ቡናና ሻይ ከምግብ ላይ የሚከለከሉትም በዚህ ነው። ስለዚህ የቀጋውን መጠጥ «ከምግብ ጋር»፣ የዶቅማውን «ከምግብ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ» ብላችሁ ጻፉበት። በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ደም ማነስ ላለባቸው ይህ አንድ መስመር ከማንኛውም የማስታወቂያ ቃል ይበልጣል። ብረት ክኒን የሚወስዱ ግን ክኒናቸውን በዶቅማ ጭማቂ አይዋጡ።

የደን ባለሙያ፣ ወንዶ ገነት

የጥቁር እንጨት ነገር ሲነሳ የዛፉንም ጉዳይ ማንሳት ግድ ነው። አንድ ሰው በቀን 100 ሚሊ ግራም ለአንድ ዓመት እንዲወስድ ከላይ በተሰጠው ስሌት 7.3 ኪሎ ደረቅ፣ ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ እርጥብ ቅርፊት ይላጣል። ግንዱ ዙሪያውን ከተላጠ ምግብ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርድበት መንገድ ይቆረጣል፤ ሥሩ ተርቦ ዛፉ ይደርቃል። ዛፉ ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሳይቴስ (ለመጥፋት የሚያሰጉ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት) ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ የገባው ካሜሩንና ማዳጋስካር ውስጥ ለቅርፊቱ ሲባል ብዙ ስለወደመ ነው። ካሜሩን ላይ የወጣው ደንብ ከ30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በታች ያለ ዛፍ እንዳይነካ፣ ከዚያ በላይ ካለውም ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ሩቦች ብቻ እንዲላጡ፣ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን እንዳይቆረጥ ይላል። ደንቡ ባልተጠበቀበት ሁሉ ዛፉ ሞቷል። ገበያው ላይ በማዳበሪያ ተሞልቶ የሚመጣላችሁ ቅርፊት እንዴት እንደተላጠ የምታውቁበት መንገድ የለም።

አሁን ወደ አጋሙ፤ ይህን በደንብ ያዙልኝ። አጋም የሚመስል መርዘኛ ቁጥቋጦ አለ፤ በአማርኛ መረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ ይባላል። ኡዋባይን የሚባል ልብ የሚያቆም ውህድ ስላለው በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለቀስት መርዝ ሲያገለግል የኖረ ነው። ከአጋም ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆኑ ሁለቱም ነጭ ወተት አላቸው፣ ቅጠላቸው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፣ ፍሬያቸውም ሲበስል ጥቁር ሐምራዊ ይሆናል። የሚለያቸው እሾህ ነው። አጋም ጠንካራ፣ ቀጥ ያለ፣ ጥንድ እሾህ አለው፤ መረንዝ እሾህ የለውም። የመረንዝ ቅጠል ወፍራምና እንደ ቆዳ ደረቅ ነው።

ፍሬው ተለቅሞ በከረጢት ከመጣ እሾሁን አታዩትም። ስለዚህ ከአቅራቢዎቻችሁ ጋር ስትስማሙ ከእያንዳንዱ ከረጢት ጋር ከዚያው ቁጥቋጦ የተቆረጠ፣ ፍሬም ቅጠልም እሾህም ያለበት ቅርንጫፍ አብሮ እንዲመጣ አድርጉ፤ ቅርንጫፍ የሌለውን አትረከቡ። ቅርንጫፉ መኖሩ ግን ሁሉንም ፍሬ አያረጋግጥም። ለቃሚዎቹን አንድ ጊዜ ቦታው ድረስ ሄዳችሁ ሁለቱን ተክሎች ጎን ለጎን አሳዩዋቸው፤ እሾህ ከሌለው ላይ እንዳይለቅሙ። ሕፃናት ለቅመው ያመጡትን አጋም ግን አትግዙ፤ እሾህ የሌለው ለመልቀም ይቀላልና።

የቅርፊቱን ሐሳብ ያመጣችው እህታችን ከዛፍ ጋር መሥራት ከፈለገች የጥቁር እንጨትና የዶቅማ ችግኝ ታፍላ። የዶቅማ ዘር ከደረቀ አይበቅልም፤ ጭማቂ ስትሠሩ የሚቀረውን ዘር ካላሞቃችሁት ፍሬ ላይ ለይታችሁ፣ ሥጋውን አጥባችሁ፣ በዚያው ሳምንት አፈር በተሞላ የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ዝሩት።

ታቦር ሥር (ሐዋሳ)

ዘሩን ለመዝራት ፍሬውን ሳይሞቅ በእጅ መፈልፈል አለብን ማለት ነው?

የደን ባለሙያ፣ ወንዶ ገነት

አዎ፤ ግን ለዘር የሚሆነውን ሁለት ሦስት ኪሎ ብቻ ለዩ። ትልልቅና በደንብ የበሰሉትን፣ ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ከብዙ ዛፎች የመጡትን ምረጡ። ሌላውን ጭማቂ ክፍል እንዳለው ወደ 85 ዲግሪ አስገቡት።